ለጤና ምርምር የራሳችን በጀት
(በሸዋ ሮቢት ለመራጩ ሕዝብ የተደረገ ንግግር)



በቀወት ስለ ወባ መናገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ትንኙ ዝናቡ ሲያቆምና ውኃው ሲያቁር እንደሚፈላ ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪደሃር የተገኘው አኖፊለስ ስቴፈንሲ ግን በከተማ በርሜልና ሮቶም ይራባል። የት እንደደረሰ የሚነግረን ምርምር ብቻ ነው።

አገራችን ተመራማሪ አላጣችም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው የቢልሃርዚያ መከላከያ አገኙ። ግኝቱ ግን የውጭ ገንዘብና ይሁንታ ሲጠብቅ ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ2025 ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋም የለጋሽ እጅ ማየት የሚያመጣውን ዳግም አየን።

ስለዚህ ከመረጣችሁን፣ የባማኮው የ2008 (እ.ኤ.አ.) የሚኒስትሮች ጉባኤ እንደጠየቀው፣ ከጤና ሚኒስቴር በጀት ቢያንስ 2 በመቶው ለምርምር እንዲውል በሕግ እንደነግጋለን። በሸዋ ሮቢት ትንኙንና የመድኃኒቱን ፈዋሽነት የሚከታተል ጣቢያ እናቋቁማለን። ውጤቱም በመደርደሪያ አይቀበርም፤ በአማርኛ ተጽፎ በየቀበሌው ይለጠፋል።

ገንዘቡ የእናንተ ግብር ነው። በምን ላይ እንደሚውል የሚወስነውም የእናንተ ድምፅ ይሁን!