ኪቦርድን ከሲኩዌንሰር ጋር ስለ ማገናኘት
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ጉዳያችን ሙዚቃ ለሚጫወቱ ብቻ የሚጠቅም ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በደብረ ማርቆስም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች በየሠርጉ ኪቦርድ የሚሰማ ስለ ሆነ፥ አሠራሩን ማወቅ የሁላችንም ፈንታ ነው።

በመጀመሪያ በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ኪቦርድን ሲኩዌንሰር ከተባለው የዜማ መዝጋቢ ጋር የሚያግባባው ሥርዐት ሚዲ ይባላል፤ እርሱም የልዩ ልዩ ፋብሪካዎች መሣሪያዎች እንዲግባቡ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1983 ዓ.ም. የወጣ ነው። በዚህ ገመድ ትእዛዝ እንጂ ድምፅ አያልፍም። ቁልፍ ሲነካ የትኛው ቁልፍ እንደ ሆነና ምን ያህል ተፈጥኖ እንደ ተመታ ከ0 እስከ 127 ባለው ቍጥር ይላካል፤ ጣት ሲነሣም እንዲሁ።

ከአብነት ትምህርት ቤት የመጣችሁ ጓደኞቻችን ይህን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ደረሷቸው የሚነገርላቸው የድጓ ምልክቶች ለብቻቸው ድምፅ የላቸውም፤ ዜማው የሚሰማው መሪጌታው ሲያዜም ነው። እዚህም ሲኩዌንሰሩ እንደ ብራናው፥ ኪቦርዱ እንደ መሪጌታው ነው።

ስለዚህ ሁለት ገመድ ይዘረጋል፤ አንደኛው ከኪቦርዱ «አውት» ወደ ሲኩዌንሰሩ «ኢን»፥ ሁለተኛው ከሲኩዌንሰሩ «አውት» ወደ ኪቦርዱ «ኢን»። መዝጋቢው ኮምፒዩተር ከሆነ በአዳዲሶቹ ኪቦርዶች አንድ የዩኤስቢ ገመድ ይበቃል። ድምፁን ወደ ማጉያው የሚወስደው ገመድ ግን ሌላ ነው። አንድ ጊዜ የተነካው ቁልፍ ሁለት ጊዜ የሚያሰማ ከሆነ፥ ትእዛዙ በሲኩዌንሰሩ በኩል ዞሮ ተመልሷልና በኪቦርዱ ላይ «ሎካል» የተባለውን መዝጋት ነው። መሥመሮቹ 16 ሲሆኑ 10ኛው በተለመደው አሠራር ለከበሮ የተተወ ነው።

ይህን የመሰለ ሥራ ለአገራችን ሙዚቃ እንግዳ አይደለም። የዋልያስ ባንድ አባል የነበረው ኃይሉ መርጊያ በአሜሪካ ሳለ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1985 ዓ.ም. በወጣው «ሸሞንሟናዬ» በተባለው ካሴቱ፥ አኮርዲዮኑን ከያማሃ ዲኤክስ 7 እና ከከበሮ ማሽን ጋር አጣምሮ የቈዩ ዜማዎችን ተጫውቷል።

ሆኖም ሁለት ነገሮች ያሠጉናል። አንደኛው ኪቦርድ እንደ ተሠራበት ከተተወ ስምንዮሹን ለ12 እኩል ከፍሎ የሚያሰማ መሆኑ ነው። የማሲንቆ ተጫዋች ጣት ግን በሁለት ቁልፎች መካከል የሚውልበት ጊዜ አለ፤ ይልቁንም በአንቺሆዬ ቅኝት። ሁለተኛው «ኳንታይዝ» የተባለው ትእዛዝ ነው፤ ይህ ከእኩል ክፍሉ ፈቀቅ ያለውን ምት ሁሉ እየጐተተ ያስተካክላል። እስክስታ የሚያስወርደው ግን ብዙ ጊዜ ያ ፈቀቅ ያለው ምት ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «እንግዲያው ኪቦርዱ ይቅር፤ ማሲንቆና ዋሽንት ይበቁናል» ይላሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ብዙ ኪቦርዶች የእያንዳንዱን ድምፅ ከፍታ በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ማድረግ ያስችላሉ፤ ድምፅን የሚያጐብጠው መንኰራኵር እንቅስቃሴም በሲኩዌንሰሩ ይመዘገባል፤ ኳንታይዝንም ያልፈለገ አያዝዘውም። ጥፋቱ የመሣሪያው ሳይሆን እንዳገኘ የሚያጫውተው ሰው ነው።

ስለዚህ የምናሳስበው ይህን ነው። ከአዝማሪ ጋር ስንለማመድ በመጀመሪያ ማሲንቆው ይቃኝ፤ ኪቦርዱም በማሲንቆው ልክ ይስተካከል፤ ቀረጻውም እጅ እንደ ተጫወተው ይቈይ። እስከ ዛሬ በብዙ ቦታ አዝማሪው ለኪቦርዱ ሲል ቅኝቱን ሲለውጥ አይተናል። ይህ ልማድ ከቀጠለ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች የኪቦርዱን አንቺሆዬ እውነተኛው አድርገው ይቀበሉታል።