ያልነበሩት ሰዎች
(በተማሪዎች ማኅበር የፊልም ምሽት የተደረገ ንግግር)



አሁን ያየነው ፊልም 142 ደቂቃ የሚፈጅ ስለሆነና ሰዓቱም ስለ መሸ ንግግሬን አሳጥራለሁ። አስቀድሜ ግን የምናዘዘው ነገር አለኝ። ይህን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ለብቻዬ ነበር። በማግሥቱ በምግብ አዳራሽ ለጓደኞቼ፥ ስቴፋን ቫን ዶርፕ የሚባል አውሮፓዊ ፊልም አንሺ ያን ሁሉ ሥዕል አንሥቶ ሳለ ስሙ እንዴት እንደ ተረሳ፥ በታላቅ ሐዘኔታ ተረክሁላቸው። ከመካከላቸው አንዱ ማንኪያውን አስቀመጠና «ወንድሜ፥ ይህ ሰው እኮ ከቶ አልተፈጠረም» ብሎ አረዳኝ። ያን ዕለት ምሳዬ አልወረደልኝም። ዛሬ ማታ ቫን ዶርፕ ሲናገር ከኋላ ወንበር ይስቁ የነበሩት እነማን እንደሆኑም አውቃለሁ።

ፊልሙን በ2019 ያወጣው ማርቲን ስኮርሴዚ ነው። (ዘመኑን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የሚተርከውም ዘፋኙ ቦብ ዲለን በ1975 «ሮሊንግ ተንደር ሬቭዩ» ብሎ በሰየመው ጉዞ የሆነውን ነው። ዲለን ያን ጊዜ የ34 ዓመት ሰው ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት፥ በ1974፥ በታላላቅ የስፖርት አዳራሾች በብዙ ሺሕ ሕዝብ ፊት ሲዘፍን ከርሟል። በዚህኛው ጉዞ ግን ትናንሽ አዳራሾችን መረጠ። ኦክቶበር 30 ቀን በማሳቹሴትስ፥ በፕሊመዝ ከተማ ተጀመረ፤ ማስታወቂያውም ጥቂት ቀን ሲቀረው በእጅ የሚታደል ወረቀት ነበር። ከአዘጋጆቹ አንዱ ሉ ኬምፕ የዲለን የልጅነት ጓደኛ ሲሆን ሥራው የዓሣ ንግድ ነበር። ቫዮሊን የምትመታዋን ስካርሌት ሪቬራንም ዲለን ያገኛት የቫዮሊን ሳጥኗን ይዛ በኒው ዮርክ መንገድ ስትሄድ አይቶ ነው። ጆአን ባዬዝ፥ ሮጀር መጊን፥ ራምብሊን ጃክ ኤልዮት አብረው ተሳፈሩ፤ ጆኒ ሚቸልም በመንገድ ተቀላቀለች። ባለቅኔው አለን ጊንስበርግ እንኳ ጓዙን ጠቅልሎ ተከተለ። እንዲህ ያለው ጉዞ በሒሳብ ሠራተኛ ዓይን ሲታይ እብደት ነው።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የነካኝ ግን ዘፈን የሌለበት ቦታ ነው። በፋልመዝ አንድ ሆቴል ውስጥ፥ ማሕጆንግ የሚባለውን የቻይና ጨዋታ ለመጫወት የተሰበሰቡ በዕድሜ የገፉ እናቶች አሉ። ጊንስበርግ ይነሣና «ካዲሽ» የተባለውን ግጥሙን ያነብላቸዋል። ይህ ግጥም በአእምሮ ሕመም ተሠቃይታ ስለ ሞተችው ስለ እናቱ ስለ ናኦሚ የጻፈው ነው። እናቶቹ የመጡት ለጨዋታ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቃል ይሰማናል ብለው አላሰቡም። ፊታቸውን ልብ ብላችሁ አይታችሁ እንደሆነ፥ ያን ፊት የትኛውም የቲያትር አሠልጣኝ ሊያስተምረው አይችልም። ካሜራው ዝም ብሎ ያያቸዋል። እውነተኛ ፊልም የምንለው ይህ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሀብት በእጁ የያዘ ሰው ለምን ይዋሻል?

ውሸቱን ልቁጠርላችሁ። ቫን ዶርፕ ማርቲን ፎን ሃስልበርግ የሚባል ተዋናይ ነው። የጉዞው አዘጋጅ ነበርሁ የሚለው ጂም ጃኖፑሎስ፥ ፊልሙ በወጣበት ጊዜ የፓራማውንት ኩባንያ ኃላፊ የነበረ ሰው ነው እንጂ ከዚያ ጉዞ ጋራ ግንኙነት የለውም። የምክር ቤት አባሉ ጃክ ታነር፥ ሮበርት ኦልትማን በ1988 ለቴሌቪዥን ከሠራው ተከታታይ ድራማ የመጣ ገጸ ባሕርይ ነው፤ የሚጫወተውም ያው ማይክል መርፊ ነው። ሻሮን ስቶንም በጉዞው ላይ አልነበረችም፤ ከዲለን ጋራ የሚያሳያት ፎቶግራፍ ተቀነባብሮ የተሠራ ነው። ፊልሙ እየታየ ሳለ ይህን ማንም አይነግረንም። እርግጥ ነው፥ መግቢያው ላይ ሜልየስ በ1896 ሴት ሲሰውር የሚያሳይ አሮጌ ምትሃት አለ። አስተዋይ ሰው ያን ጊዜ መንቃት ነበረበት ይባላል። እኔ አልነቃሁም።

ጓደኛዬ ስኮርሴዚን እንዲህ ሲል ይከላከላል፤ ዲለን ራሱ ስሙን የለወጠ፥ በወጣትነቱም ከካርኒቫል ጋራ ዞሬአለሁ እያለ ጋዜጠኞችን ያሞኘ፥ በዚህም ጉዞ ፊቱን ነጭ ቀለም ተቀብቶ የዘፈነ ሰው ነው፤ ስለ ጭምብል ሰው ፊልም ሲሠራ ፊልሙም ጭምብል ቢለብስ ምን ይደንቃል? ሰምና ወርቅ አይደለም ወይ? አይደለም። ቅኔ የሚሰማ ሰው ወርቅ እንዳለ ያውቃል፤ ለመፈለግም ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። እኛ ግን «ዘጋቢ ፊልም» ተብለን ነው የገባን።

የሻሮን ስቶን ጨዋታ ማንንም አይጎዳም፤ ሳቅሁበት። የቫን ዶርፕ ግን ሌላ ነው። ያን ሥዕል በትከሻቸው ካሜራ ተሸክመው ያነሡት ሃዋርድ አልክ፥ ዴቪድ ማየርስና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ያነሡትም ዲለን በ1978 ላወጣው፥ አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ለቀረው «ሬናልዶና ክላራ» ለተባለ ፊልም ነበር። የእነርሱ ድካም ላልነበረ ሰው ተሰጠ። እኔም በምግብ አዳራሽ ያዘንሁለት ለማን ነበር?

ከዚህ የሚብሰው የሩቢን ካርተር ነገር ነው። ካርተር ጥቁር ቦክሰኛ ነበር። በ1966 በኒው ጀርሲ፥ በፓተርሰን ከተማ፥ በአንድ መጠጥ ቤት ሦስት ሰዎች ስለ ተገደሉ እርሱና ጆን አርቲስ በ1967 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ዲለን «ሀሪኬን» የሚለውን ዘፈን ስለ እርሱ ሠራ። ዘፈኑ መጀመሪያ ሲቀዳ፥ ስለ ምስክሮቹ የተባለው በስም ማጥፋት ያስከስሳል ብለው የሸክላው ኩባንያ ጠበቆች ስለ ሠጉ፥ ቃሉ ተለውጦ እንደ ገና ተቀዳ። በዲሴምበር 1975 ሙዚቀኞቹ ካርተር ወደ ታሰረበት ወህኒ ቤት ሄደው ተጫወቱ፤ በማግሥቱም በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ለእርሱ መርጃ ዘፈኑ። ካርተር በ1976 እንደ ገና ተፈርዶበት፥ ነጻ የወጣው በ1985 ነው። የፌዴራሉ ዳኛ ፍርዱን የሻሩት በዘር ስሜትና ማስረጃን በመሸሸግ ላይ የቆመ ነው ብለው ነው።

እንግዲህ በዚህ ፊልም ውስጥ ካርተርም ይናገራል፥ ታነርም ይናገራል። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ብርሃን፥ በአንድ ዓይነት ቁም ነገር። ይህን ታሪክ አስቀድሞ ያልሰማ ተማሪ፥ ወደ ሃያ ዓመት የታሰረው የትኛው እንደሆነ፥ በኦልትማን ድራማ የተፈጠረውም የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል? ውሸቱን ያወቀስ ሰው ካርተርንም ተዋናይ ነው ብሎ ቢያልፈው ማን ይወቅሰዋል? ዘፈኑን ጠበቆች ቃል በቃል መረመሩት፤ ፊልሙን የመረመረው የለም።

ፊልሙ አይታይ አላልሁም። ዲለን በዚያ ጊዜ የዘፈነውን ያህል ከዚያ በኋላ ዘፍኖ እንደሆነ እጠራጠራለሁ፤ በዚህ ከእኔ ጋራ የሚከራከር ካለ በውጭ እጠብቀዋለሁ። ለማኅበሩ የማቀርበው ሐሳብ ግን ይህ ነው፤ ፊልሙ ዳግመኛ ሲታይ የነበሩትና ያልነበሩት ሰዎች ስም በአንድ ገጽ ተባዝቶ ይታደል። የአልክና የማየርስ ስም ከላይ ይሁን። ስቴንስሉን እኔ እጽፋለሁ። ብቻ ወረቀቱ በመውጫው በር እንጂ በመግቢያው አይታደል፤ እኔ ምሳዬን ከስሬበታለሁና ሌላውም ቢያንስ እራቱን ይክሰር።