ማሽላውን አንሽጠው



በ2013 ዓ.ም. ድንበር ተሻግረን ኡም ራኩባ ከገባን ወዲህ፣ እኛ መምህራን ባዶ ሆዳቸውን ክፍል የሚገቡ ልጆች እናያለን። ብዙዎቻችን «እንጀራው ይፈረፈራል» እያልን የእርዳታውን ማሽላ በርካሽ እንሸጣለን፤ ወሩ ሳያልቅ በውድ እንገዛለን። የመተማና የሁመራ እናቶች ግን በማሽላ እንጀራ ልጆች አሳድገዋል።

ማሽላ እንደ ጤፍ ስለማይያያዝ መላው አብሲት ነው። ዱቄቱን በእርሾ አቡክተን 2 ወይም 3 ቀን እናቆየው። የጠለለውን ውሃ ቀንሰን፣ ከሊጡ አንድ ጣሳ በፈላ ውሃ አብስለን፣ በረድ ሲል እንመልሰው። ኩፍ ሲል እንጋግር።

ለወጡ ክኩን ማታ ዘፍዝፈን እንደር። ቶሎ ይበስላል፤ ማገዶም ይተርፋል። ማገዶ ሲተርፍ፣ እንጨት ለቀማ የምትላከው ልጅ ትምህርት ቤት ትውላለች።

ለጣፋጭም የገዳሪፍ ሰሊጥ አለልን። አንድ ሲኒ ሰሊጥ እንቁላ፤ ግማሽ ሲኒ ስኳር በዝግታ አቅልጠን እንቀላቅለው። ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ አሳስተን፣ ሳይደርቅ እንቁረጠው። ሱዳኖች ሲምሲሚያ የሚሉት ይኸው ነው።

ወገኖቻችን፣ የጠገበ ልጅ ፊደል ይይዛል። ማሽላው ከቤታችን አይውጣ።