ቦይለሩ አልነሳ ሲል

እሷ፦ ለንደን ላይ ብርዱ ሲጠና ቦይለሩ ቀጥ ካለ፣ መጀመሪያ ምን ይታይ?

እሱ፦ የግፊት መለኪያው። ሲስተሙ ቀዝቃዛ እያለ ከ1 እስከ 1.5 ባር ማሳየት አለበት። በጣም ከወረደ ቦይለሩ አይነሳም፤ ውሃ ይሞላል። በየሳምንቱ የሚወርድ ከሆነ ግን የሚያፈስ ቦታ አለ።

እሷ፦ ውርጭ ባደረ ማለዳ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ሲጠፋስ?

እሱ፦ ወደ ውጭ የሚወጣው የፍሳሽ ቱቦ፣ ያ ቀጭኑ ፕላስቲክ፣ በረዶ ዘግቶት ይሆናል። ሞቅ ያለ ውሃ አፍስሱበት፤ የፈላ አይሁን። ከዚያ የሪሴት ቁልፉን ተጫኑ።

እሷ፦ ክዳኑን ከፍቶ ማየትስ?

እሱ፦ በፍጹም፣ እህቴ! እሱ በጋዝ ሴፍ፣ ማለትም በጋዝ ባለሙያዎች መዝገብ፣ የተመዘገበ ባለሙያ ሥራ ነው። ሰማያዊ መሆን የሚገባው ነበልባል ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ቤት ውስጥ የያዛችሁ ራስ ምታት ውጭ ስትወጡ ከለቀቃችሁ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊሆን ይችላል። ቦይለሩን አጥፉት፣ መስኮት ክፈቱ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡና ወደ ጋዝ አደጋ መስመር 0800 111 999 ደውሉ።