ሹም ሽር በማን እጅ?
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



መራጭ የመረጠውን ሰው ዘመኑ ሳያልቅ ሊያወርደው ይገባል ወይ? ይህን ለመጠየቅ ደብረ ታቦር ጥሩ ቦታ ነው። በዘመነ መሳፍንት የየጁ ራሶች በዚህች ከተማ ተቀምጠው ጎንደር ያለውን ንጉሠ ነገሥት ሲያሻቸው ያነሡ፥ ሲያሻቸው ያስቀምጡ ነበር፤ ዐፄ ሣህለ ድንግልም ከዙፋን ወርደው እንደ ገና ተመልሰዋል። እንግዲህ ሹም ሽር ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ገበሬው ራሱ ሻሪ መሆኑ ነው።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን ለ4 ዓመት እንዲመርጥ ፈቀደ። የ1987ቱ ደግሞ ዘመኑን 5 ዓመት አድርጎ፥ በአንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ሊያነሣ እንደሚችል ደነገገ፤ ዝርዝሩንም ለሌላ ሕግ ተወ። ስለዚህ መብቱ ይኑር አይኑር ብሎ መከራከር ትርፍ ድካም ነው። ጭንቁ ፊርማውን ማን ይሰበስባል የሚለው ነው።

እስቲ የጋይንትን ወይም የስማዳን ገበሬ እናስብ። መንደሩ የተበታተነ፥ መንገዱ ገደል ነው። አቤቱታ ይዞ ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞርለት ማን ነው? ማኅተሙም፥ የስብሰባው ጥሪም በቀበሌው ሊቀ መንበር እጅ ነው። እርሱ «ፈርም» ሲል አልፈርምም የሚል፥ «ተው» ሲል የሚፈርም ስንት ይገኛል? እንዲህ ከሆነ የሚወርደው ፓርቲው የተቀየመው ተመራጭ ብቻ ነው፤ የራሶቹ ሹም ሽር በፊርማ ተመለሰ ማለት ነው።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ሕግ፥ የምክር ቤት አባል በፍርድ ቤት ሲቀጣ ወይም በምክር ቤቱ ሲታገድ፥ ከመራጮቹ 10 በመቶ በ6 ሳምንት ውስጥ ከፈረሙ ወንበሩን ያጣል፤ በማሟያው ምርጫ ግን እንደ ገና ሊወዳደር ይችላል። ይህ ለእኛ ይጠብብናል። ተወካይ ሳይሰርቅም ይጠፋልና፤ ከተመረጠ ወዲህ ጉናን ከአውሮፕላን መስኮት ብቻ የሚያይ አይታጣም።

«በየቀኑ ውረድ የሚባል ሰው ምን ሥራ ይሠራል?» የሚሉን መምህራን አሉ። እውነት አላቸው፤ በመጀመሪያው ዓመት አይነካ። ከዚያ በኋላ ግን ፊርማው ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውጭ፥ በገበያ ቀን፥ በምርጫ ቦርድ ሰው ፊት ይሰብሰብ፤ የፈራሚው ስም ለሊቀ መንበሩ አይሰጥ፤ ተተኪውም በምርጫ ይግባ። ሕግ የምታስተምሩን መምህራን ይህን አሳባችንን በአንቀጽ እንድታቀኑልን እንጠይቃለን።