ፊደል በቁጥር ሲቀመጥ፦ የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒውተር ውስጥ

ንግግሬን በአንድ የግል ገጠመኝ ልጀምር። ባለፈው ዓመት አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ የጻፍሁትን የማስተርስ ማሟያ ጽሑፍ እንድሰጠው ጠየቀኝ። ፍሎፒ ዲስኩን ከመሳቢያ አወጣሁ፤ የሚያነበው መሣሪያ ደግሞ ከብዙ ፍለጋ በኋላ ከአንድ ወዳጄ ተገኘ። ፋይሉ ያለ አንዳች ስሕተት ተገለበጠ። ሲከፈት ግን ገጹ ሁሉ የላቲን ፊደላት፣ የመቶኛ ምልክቶችና የቅንፎች ዝብርቅርቅ ሆኖ ታየ። ተማሪው በትሕትና «ዲስኩ ተበላሽቶ ይሆናል፣ ዶክተር» አለኝ። አልተበላሸም ነበር። ከጻፍሁት አንዲት ቢት እንኳ አልጎደለችም። የጠፋው ሌላ ነገር ነው፤ የዛሬው ንግግሬም ስለ እርሱ ነው።

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም። የሚያስቀምጠው ቁጥር ብቻ ነው። «ይህ ቁጥር ይህን ፊደል ይወክላል» የሚለው ነገር በማሽኑ ውስጥ የለም፤ በሰዎች መካከል የተደረገ ስምምነት ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣው አስኪ የተባለው ሠንጠረዥ ከእነዚህ ስምምነቶች ዋነኛው ነው። በሰባት ቢት ስለሚሠራ 128 ቦታዎች ብቻ አሉት፤ የላቲኑ ትልቁ «ኤ» 65 ቁጥርን ይዟል። ለእንግሊዝኛ ይህ ይበቃል። የእኛ 33 ፊደላት ግን በሰባቱ ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። ስምንተኛ ቢት ተጨምሮ ቦታው 256 ቢደርስ እንኳ፣ ለእንግሊዝኛው የተያዘው ሲቀነስ የሚተርፈው አይበቃንም።

የዚያን ዘመን ባለሙያዎች ታዲያ መላ ዘየዱ። ቁጥሩን ሳይነኩ ሥዕሉን ለወጡ። ኮምፒውተሩ 65ን የላቲን «ኤ» እንደሆነ እያመነ፣ ፎንቱ በዚያ ቦታ የአማርኛ ፊደል ይሥላል። ቦታው ሲጠብባቸው አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈሉት፤ ሌሎቹ የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጠው በማተሚያው ላይ አገጣጠሙት። እኔ እነዚህን ሰዎች አከብራቸዋለሁ። በእነርሱ ብልሃት ጋዜጣ ታትሟል፣ መጽሐፍ ታትሟል፣ እኛም ተመርቀናል። ችግሩ እያንዳንዱ አዘጋጅ የየራሱን ሠንጠረዥ መሥራቱ ነው። በአንዱ ፎንት «መ» የነበረው ቁጥር በሌላው «ሸ» ሊሆን ይችል ነበር።

የእኔም ጽሑፍ የገጠመው ይኸው ነው። ቁጥሮቹ በሙሉ አሉ፤ ፎንቱ ግን በአሁኑ ኮምፒውተር ላይ የለም፤ ስለዚህ ማሽኑ ቁጥሮቹን በአስኪ አነበባቸው። ከዚህ የከፋውን ያወቅሁት ኋላ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የእንግሊዝኛ ጥቅሶች ነበሩ፤ እነርሱም የተቀመጡት በእነዚያው ቁጥሮች ነው። አማርኛውን ከእንግሊዝኛው የሚለየው የፎንቱ ስም ብቻ ነበር። ፋይሉ አንድ ጊዜ ያለ ፎንት መረጃ፣ በተራ ጽሑፍነት ከተቀመጠ፣ 65 የት ላይ «ኤ»፣ የት ላይ የእኛ ፊደል እንደሆነ ከቁጥሩ ብቻ ሊታወቅ አይችልም።

ለዚህ መፍትሔ የሆነው ዩኒኮድ ነው። የመጀመሪያው እትም በ1991 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የእኛ ፊደል አልነበረበትም፤ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በሦስተኛው እትም ነው። ሀ 4608ን ያዘች። ከእርሷ በኋላ እያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጠው፤ ሰባቱ ለሰባቱ ቤት ሲሆኑ፣ ስምንተኛው እንደ «ሏ» እና «ሟ» ላሉት ነው። የአቀማመጡን ውበት በአንድ ስሌት ላሳያችሁ። የ«ሚ» ቁጥር 4634 ነው። ከዚህ 4608 ሲቀነስ 26 ይቀራል፤ 26 ለ8 ሲካፈል 3 ደርሶ 2 ይተርፋል። ሀን ዜሮ ብለን ብንጀምር ሦስተኛው ቤተሰብ መ ነው፤ ግዕዝን ዜሮ ብንል ደግሞ ሁለት ሣልስ ነው። የኔታ በጣታቸው እያመለከቱ ያስቆጠሩን ገበታ በማካፈል ሒሳብ ይወጣል ማለት ነው። በኋላ የተጨመሩት ግን፣ ለምሳሌ ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለብሊንና ለመኤን ቋንቋዎች የሚያገለግሉት፣ ሌላ ቦታ ስለ ተመደቡ በቁጥር ቅደም ተከተል ብቻ ሲደረደሩ ከዘመዶቻቸው ይርቃሉ። ዘግይቶ የመጣ ዳር ይቀመጣል፤ ይህ ለእነዚያ ቋንቋዎች ተናጋሪዎች ቀላል ነገር አይደለም።

ስምምነቱ መኖሩ ግን ሁሉን ነገር አልፈታም። ዐራት ነጥብ የራሷ ቁጥር አላት፤ 4962። ብዙዎቻችን ግን ሁለት ነጥብን፣ ማለትም 4961ን፣ ሁለት ጊዜ መትተን እናልፋለን። ለዓይን ያው ነው። ዐረፍተ ነገር የሚቆጥር ፕሮግራም ግን ያን ገጽ መጨረሻ የሌለው አንድ ዐረፍተ ነገር አድርጎ ያነበዋል። እንዲሁም «ዓለሙ» እና «አለሙ» ስንል ድምፁ አንድ ነው፤ የመጀመሪያዋ ፊደል ግን በአንደኛው 4819፣ በሁለተኛው 4768 ናት። በመዝገብ ውስጥ ስሙ ተፈልጎ የሚታጣ ተማሪ የሚታጣው በዚህ ምክንያት ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ መፍትሔው ሞክሼ ፊደላትን ከፋይሉ ውስጥ ወደ አንድ መለወጥ ነው ይላሉ። አልስማማም። ሠረቀ ወጣ፣ ብርሃን ሰጠ ማለት ነው፤ ሰረቀ ግን ሌብነት ነው። ሠዐለና ሰአለም እንዲሁ አንዱ ሥዕል፣ አንዱ ልመና ነው። ፕሮግራሙ በሚፈልግበት ጊዜ ብቻ ሞክሼዎቹን እኩል ይመልከታቸው፤ የተቀመጠው ጽሑፍ ግን ጸሐፊው እንደ ጻፈው ይቆይ። አንድ ጊዜ የተለወጠውን ቁጥር ወደ ነበረበት የሚመልስ ሒሳብ የለም።

ወደ ዲስኬ ልመለስ። የታተመው ቅጂ በእጄ ስለ ነበረ፣ ወረቀቱን ከቁጥሮቹ ጋር እያነጻጸርሁ የጠፋውን ሠንጠረዥ ፊደል በፊደል መልሼ ሠራሁት። ብዙ ምሽት ፈጅቶብኛል። አሁን አማርኛው ይነበባል፤ የእንግሊዝኛ ጥቅሶቹን ግን ከወረቀቱ እያየሁ በእጄ መመለስ ነበረብኝ። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ዲስክ ያላችሁ፣ በተለይ በዚያ ዘመን የተመረቃችሁ መምህራን፣ ዲስኩንና የታተመውን ቅጂ አብራችሁ አምጡልኝ። ሁለቱ አንድ ላይ ካሉ ሠንጠረዡን ማውጣት ይቻላል። ወረቀቱ ከጠፋ ግን የፎንቱን ስም የሚያስታውስ ሰው ማግኘት ግድ ይሆናል፤ እነዚያ ሰዎች ደግሞ በየዓመቱ ጡረታ እየወጡ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ።