ክርስቲያን በፍርድ ወንበር ላይ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ክርስቲያን ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



የመረጥነው ጉዳይ፣ ክርስቲያን የሆነ ሰው በአደባባይ ሥራ ላይ በተሾመ ጊዜ በእምነት ከሚለየው ጎረቤቱ ጋራ እንዴት መኖር፣ እንዴትስ መፍረድ እንደሚገባው ነው።

አንዳንድ ሰዎች፣ ወንጌል እንዳንፈርድ ያዝዛልና ክርስቲያን ከዳኝነትና ከሹመት ቢርቅ ይሻለዋል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ሥልጣን በእጃቸው በገባ ጊዜ፣ እውነተኛው ሃይማኖት የእኛ ስለ ሆነ ሕጉም ወደ እኛ ማድላት አለበት ይላሉ። በእኛ አሳብ ሁለቱም መንገዱን ስተዋል። ያው ወንጌል በሌላ ስፍራ፣ የሰውን መልክ አይተን ሳይሆን በቅንነት እንድንፈርድ ያስተምራል። የፍርድ ወንበር ባዶውን አይቆይም፤ ቅን ሰው ቢሸሸው ጉቦኛ ይቀመጥበታል። እንግዲህ ልዩነቱን ማስተዋል ያስፈልጋል። የሰውን ልብና እምነት መመርመር የእግዚአብሔር ድርሻ ነው፤ የሰውን ሥራ ሁለቱን ወገን ሰምቶ መመዘን ግን የዳኛ ድርሻ ነው። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ማለታቸው ያለ ነገር አይደለም። ሰውን ይበልጥ የሚጎዳው የዕቃው መጥፋት ሳይሆን ሳይሰሙት መወሰዱ ነው።

ለዚህ የሚሆን ምሳሌ ከሩቅ አገር መፈለግ አይገባንም። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች በመካ መከራ በጸናባቸው ጊዜ ባሕር ተሻግረው ወደ አክሱም መጡ። የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ የመካ መኳንንት ስደተኞቹን ለማስመለስ እጅ መንሻ አስይዘው መልእክተኞች ላኩ። በንጉሡ ዙሪያ የነበሩት ሹማምንትም ተላልፈው ይሰጡ ብለው መከሩ። ንጉሡ ግን ሳይሰማቸው አሳልፎ እንደማይሰጣቸው ተናግሮ አስጠራቸው። ከመካከላቸው ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ቆሞ ተናገረ። ንጉሡም ሰምቶ ከፈረደ በኋላ ስደተኞቹን በሰላም እንዲቀመጡ ፈቀደ፤ እጅ መንሻውንም መለሰ። ስለ ንጉሡ የኋላ እምነት ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች የሚተርኩት ይለያያል፤ በፍርዱ ቅንነት ግን ሁላችንም አንድ ነን።

ይህ ታሪክ ለእኛ ለጾሬ ሰዎች የመጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በዚህ በጾሬ የስደተኞች መጠለያ ተከፍቶ፣ ጦርነት ከሱዳን ያፈናቀላቸውን ሰዎች ሲቀበል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን እንደ ገና ጦርነት በተነሣ ጊዜም በኩርሙክ በኩል ድንበር ተሻግረው የመጡ ብዙዎች ናቸው። ያ የአክሱም ንጉሥ ያጋጠመው ጥያቄ ዛሬ በእያንዳንዳችን ደጅ ቆሟል ማለት ነው።

ነገር ግን ደጉን ብቻ ተናግረን ብንቀመጥ ንግግራችን ሐሰት ይሆናል። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ከተደረገ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ እንዲጠመቁ ተገደዱ። ከዚህ የተገኘው ፍሬ እምነት ሳይሆን «ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም» የተባለው ኑሮ ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከወሎ መጥተው በአሶሳ ዙሪያ ከሰፈሩት ጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ ሙስሊሞች መሆናቸው፣ ሃይማኖት በአዋጅ እንደማይለወጥ ምስክር ነው። ከዚህ ከቤኒሻንጉል ምድርም ሰዎች እየተያዙ በባርነት ይሸጡ ነበር። ከገዢዎቹ መካከል ጾም የሚጾሙ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚስሙ አልታጡም። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ጸሎት ያለ ፍርድ ምን ያህል ባዶ እንደ ሆነ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አያስፈልግም።

ደግሞም የሚያስደስት ትዝታ አለን። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች የእኩልነት መብታቸውን ለመጠየቅ በአዲስ አበባ ሰልፍ በወጡ ጊዜ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ። እነዚያ ክርስቲያኖች እምነታቸውን አልካዱም፤ ለራሳቸው የሚወድዱትን ለጎረቤታቸው መጠየቃቸው ነው። ዛሬም በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትን ደንግጓል። ሆኖም የተጻፈ ሕግ በሰው ልብ ካልታተመ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ይህንንም በዓይናችን አይተናል። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በጎንደር ቀብር ላይ የነበሩ ሙስሊሞች ተጠቅተው ሰዎች ሞቱ፤ ከሁለት ቀን በኋላ በወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። በወራቤ የተጎዳው ክርስቲያን በጎንደር ምን አደረገ? በጎንደር የሞተውስ ሙስሊም ማንን በደለ? ጥቂቶች በሠሩት ሁሉን መኰነን ፍርድ አይባልም፤ የፍርድ መሞት ነው።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከክልላችን ሕዝብ ከመቶ 45 ያህሉ ሙስሊም፣ 33 ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ 13 ያህሉ ፕሮቴስታንት፣ 7 ያህሉ የባህላዊ እምነት ተከታይ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ግማሹን የያዘ አንድም ሃይማኖት የለም። በአንዱ ቀበሌ ብዙ የሆነው በሌላው ቀበሌ ጥቂት ነው። ዛሬ በሌላው ላይ የሚያደላ ሚዛን የሠራ ሰው ነገ በዚያው ሚዛን መመዘኑ አይቀርም።

ተቻችሎ መኖር ማለት ሃይማኖት ሁሉ አንድ ነው ብሎ የራስን እምነት ማላላት አይደለም። እኛ በክርስቶስ እናምናለን፤ ይህንንም አንደብቅም። ነገር ግን ነገ ከመካከላችን አንዱ ዳኛ፣ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ መምህር፣ አንዱ እህል አከፋፋይ በሆነ ጊዜ፣ በፊቱ የቆመው ሰው ስም ሙሐመድም ይሁን ገብረ ማርያም፣ ሚዛኑ አንድ ይሁን። በጎረቤታችን ላይ ክስ በሰማን ጊዜም ሦስት ነገር እንጠይቅ። ያየው ማን ነው? የተከሰሰውስ ቃሉን ሰጥቷል? ወንድማችን ቢሆን ኖሮ እንዲህ እንፈርድበት ነበርን? ለሦስቱ መልስ ሳናገኝ ወሬውን ለሌላ ባንነግር፣ በስልካችንም ባናስተላልፍ፣ ብዙ ቤት ከመቃጠል ይድናል።

ወላጆቻችን ሆይ፣ በቤት ስለ ጎረቤት የምትናገሩትን እንሰማለን። መምህሮቻችን ሆይ፣ ማርክ ስትሰጡና አለቃ ስትመርጡ እናያለን። ፍርድን የምንማረው ከዚያ ነው። ቅን ፍርድ ካስተማራችሁን፣ እኛም በተራችን ወንበሩን ስንይዝ ማንም ሳይሰማ አይፈረድበትም።

እግዚአብሔር አገራችንንና ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።